ዝግጁ ፊቶች

ክረምት ከገባ ባሕር ዳር ላይ ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር የለም፤ ከምሳ ቀጥሎ ጨለማ ነው። ምናሴ ይህን ጊዜ ይወደው ነበር። በእትዬ አልጋነሽ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በእንጨት ደረጃ በሚወጣባት አንዲት ክፍሉ ተቀምጦ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ፣ ከሐይቁ የሚመጣውን የረጠበ ደንገልና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ እየማገ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ሲውጠው፣ ላፕቶፑን ከፍቶ ጥሩምባ ነፊውን በመንደሩ ውስጥ ያመላልሰዋል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። የስንት ዓመት ልፋቱ ይኸው ነበር።

የሚሠራው የኮምፒውተር ጌም ለማስረዳት ቀላል ነው። አንድ የእድር ጥሩምባ ነፊ በሰፈሩ እየዞረ በየደጃፉ ይነፋል፤ ሲነፋ የቤቱ ባለቤት ወጥቶ «ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥሩምባ ነፊው ማን እንደሞተ አያውቅም። ተጫዋቹ ከቤት ቤት እየሄደ፣ የወጣውን እያየ፣ ያልወጣውን እየፈለገ መልሱን ማግኘት አለበት። እውነቱን ለመናገር ማን እንደሞተ ምናሴ ራሱም ገና አልወሰነም፤ ለመጨረሻ አቆይቶታል። አንድ የውጭ ድርጅት ሐሳቡን ወዶለት ክረምቱ ሳይወጣ ተጠናቆ እንዲደርሰው ተስማምተዋል። ምናሴ በዕድሜው አንድ ነገር ጀምሮ ጨርሶ ስለማያውቅ፣ ይህንን ካልጨረስሁ ሰው አልባልም ብሎ ለራሱ ምሏል።

በጌሙ ውስጥ ያለው ሰፈር የራሱ ሰፈር፣ ሰዎቹም የራሱ ጎረቤቶች ነበሩ። የሣለቻቸው ውዳላት ናት። ውዳላት ከምናሴ ጋር አንድ አጥር ተጋርታ ያደገች፣ እናቱ አልጋ ላይ ስትውል እሱ ላፕቶፑ ላይ ሲያፈጥ እሷ ያስታመመችለት፣ እኅቱ ናት ቢባል ማንም የማይከራከርባት ሰው ነበረች። አባቷ አለቃ ቀለመወርቅ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ እጃቸውም ግትርነታቸውም ወደ እሷ ተላልፏል። የምትሥለውን ሰው ፊት ለፊቷ ታስቀምጥና በወረቀት ላይ በውሃ ቀለም ትሥለዋለች፤ ምናሴ ደግሞ ስካን አድርጎ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባዋል። ሁሉም በእሷ እጅ ሞላላ ፊትና ትልልቅ ዓይን ስለሚኖራቸው፣ ምናሴ የሚለያቸው በያዙት ዕቃ ነበር። እትዬ አልጋነሽን በወገባቸው ላይ ባንጠለጠሉት ቁልፍ፣ ባለሱቁን ጋሼ ውባንተን በሚዛናቸው፣ ጥሩምባ ነፊውን በጥሩምባው።

አለቃ ቀለመወርቅ ሥዕሉን ያሠራውን ሰው ከቅዱሳኑ እግር ሥር ሲሥሉት፣ ጸሎት እንዲያገኘው ከሥሩ የክርስትና ስሙን ይጽፉለት ነበር። ውዳላትም እያንዳንዱን ፋይል የምትሰይመው በሰውየው የክርስትና ስም ነው። ሰው ይህን ስሙን ለማንም አይሰጥም፤ ክፉ የሚያስብበት ሰው እሱን ይዞ ያስደግምበታል ይባላል። ለውዳላት ግን ሰጧት። እትዬ አልጋነሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ወለተ ሐና» አሏት። ጋሼ ውባንተ ገበያተኛው እስኪወጣ ጠብቀው «ኃይለ ኢየሱስ» አሏት። ምናሴ በነገሩ ይስቅ ነበር። እሱ የራሱን እንኳ አያውቀውም፤ እናቱ በልጅነቱ ነግራው ረስቶታል፤ አሁን የሚጠይቃት እናትም የለችውም።

ችግሩ ውዳላት አትቸኩልም። አንድን ሰው ለማስኬድ ብዙ ሥዕል ያስፈልጋል፤ እግር ሲነሣ፣ ጉልበት ሲታጠፍ፣ ነጠላ ሲወዛወዝ። እሷ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ነው የምትጀምረው። በዚያ ላይ አካሉ ወደ ጎን እየሄደ ፊቱ ወደ ተመልካቹ እንደዞረ ይቀራል።

«ሰው ሲሄድ የሚሄድበትን ነው የሚያየው» አላት አንድ ቀን። «ከጎን ሣያቸው በቃ።»

«ከጎን የሚሣል ማን እንደሆነ አታውቅም?»

ያውቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሲያየው ኖሯል። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣኑና ኃጥኡ ከጎን፣ በአንድ ዓይን።

«ጋሼ ውባንተን በአንድ ዓይን ሥየ፣ ነገ በምን ፊቴ ስኳር ልገዛ እሄዳለሁ?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ የቀሩትን ሳምንታት እያሰበ ነበር።

ዝግጁ ምስል የሚሸጥባቸውን ገጾች በድብቅ ማየት የጀመረው ያኔ ነው። «የመንደር ሰዎች» የሚል ጥቅል አገኘ። ሴቱ ወንዱ፣ ሽማግሌው ወጣቱ፣ ሁሉም ከጎን የተሣሉ፣ ሁሉም መራመድ የሚችሉ፤ የጥቁር ሰው መልክ አላቸው፣ ልብሳቸውን ነጭ ቢያደርገው ያገሩ ሰው ይመስላሉ። ብዙ ጌም ሠሪ እንዲህ እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ነውርም የለበትም። ያው ፊት በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ጌም ውስጥ ወታደር ወይም አሳ አጥማጅ ሆኖ ሲዞር ሊገኝ ይችላል፤ ታዲያ ማን ያስተውላል? ቀን ከሌሊት አሰላሰለው ቢባል ውሸት ነው። ያሰላሰለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በውዳላት እጅ ቢቀጥል ክረምቱ ያልፈዋል፣ ዝግጁውን ቢያስገባ ውዳላት ትቀራለች። ውዳላት ትቅር አለ።

ሲያሳያት ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ጭጋጉ ገብቶ እርጥብ ጨርቅ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል።

«የማን ሰዎች ናቸው?» አለችው።

«የማንም አይደሉም። ዝግጁ ናቸው።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ምናሴ።»

«አያድምቅ፤ ብቻ በጊዜው ያድርሰኝ።»

ብሩሾቿን ሰብስባ በጨርቅ ጠቀለለቻቸው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስበት ይቀለው ነበር። «ወረቀቶቹንስ ትፈልጋቸዋለህ?» ስትለው፣ «ምን ያደርጉልኛል? ውሰጃቸው» አላት። ደረጃው ላይ ደርሳ ቆመች።

«አባቴ፣ ያሠራው ሰው አልቀበልም ያለውን ሥዕል ያጥበው ነበር» አለች። «ቤት ያጣ ፊት ሜዳ ላይ አይተውም ይል ነበር።»

ሰምቷታል፤ ግን ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ፕሮግራመር ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ኮዱ ሰዎቹን የሚጠራው በፋይላቸው ስም ነበር። ስሙ ከተቀየረ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ማረም ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ስሙን እንዳለ ትቶ ምስሉን ብቻ ቀየረ፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ጫነው። ኮምፒውተሩ በዚህ ስም የተቀመጠ ፋይል አለ፣ ይተካ ወይ ሲለው፣ ይተካ አለው። በመጀመሪያ የሞከረው በጥሩምባ ነፊው ነው፤ ጌም ሠሪ መቼም ቀድሞ የሚፈትነው ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ነው። ገብረ ኪዳን ይላል ፋይሉ። ይተካ። አፍንጫው የሾለ፣ አንድ ዓይኑ ወደ ፊት የተተከለ ሰው ጥሩምባውን ይዞ ተራመደ። እንዴት ያምራል! ወለተ ሐና፣ ይተካ። ኃይለ ኢየሱስ፣ ይተካ። የውዳላት ፊቶች ከኮምፒውተሩ አንድ በአንድ ጠፉ። እሷ ራሷን ሥላ ስለማታውቅ በእሷ ስም የሚተካ አልነበረም። ሲጨርስ እጆቹን አፋተገ፤ ደስ አለው፤ ሌላው ቢቀር ይህ ደስታው እውነተኛ ነበር።

በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ወረደ። ጋሼ ውባንተ ወደ መደርደሪያው ዞረው እንደቆሙ እጃቸውን ብቻ ዘርግተው ሰጡት። ጉንጫቸውና አንድ ዓይናቸው ይታያል፤ ያ ዓይን ግን ሳሙናው ላይ ነበር። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ቢላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ለሳሙናው። ገባው። ውዳላት ተናግራለች ማለት ነው። ሰፈር ሲያኮርፍ እንዲህ ነው፤ ሰድቦህ አይወጣለትም፣ ጎኑን እየሰጠ ያኖርሃል። ይሁን አለ በሆዱ፤ ጌሙ ሲወጣ ሁሉም «የኛ ልጅ» እያሉ ይመጣሉ።

ግን ሁሉም እንዲህ ሆኑ። ውሃ ቀጂዋ፣ የጎሚስታው ሰውዬ፣ ከደጁ የሚቀመጡት ጡረተኛ፣ አንዱም ቀጥ ብሎ የሚያየው ጠፋ። ዝናቡ ጋብ ሲል ከመንገዱ የሚመጣውን የእግር ኮቴ ያዳምጥ ጀመር። ጭቃው ውስጥ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል፤ የአሮጊቱም የጎረምሳውም እኩል፣ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ። የሚሸሸው ሽታም ነበር፤ ከሐይቁ ሽታ ሥር ተሸፍኖ የሚመጣ፣ አዲስ ዕቃ ከካርቶን ሲወጣ የሚሸት ዓይነት፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የማይገባ ንጹሕ ሽታ።

አንድ ከሰዓት እትዬ አልጋነሽ ከደረጃው ሥር መጥተው ቆሙ። ወደ ግድግዳው ነበር የቆሙት።

«ደህና ዋሉ፣ እትዬ?»

«ምኑን ደህና ዋልሁት» አሉ። «ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ እኮ ልጄ። ምን እንዳደረግሁት እንጃ። ውባንተ እንኳ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚያናግረኝ። አንተም ያው ሆንህ።»

«እኔማ እያየሁዎት ነው!»

«እንዲህ ነው ማየት?» አሉ በምሬት፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ፤ ሄዱ። ያሾፉበት መሰለውና ተናደደ።

በዚያው ሰሞን መንገድ ሲያቋርጥ ባጃጅ ሊገጨው ለጥቂት ሳተው። አላየውም፤ ጥሩምባውንም አልሰማም፤ ጭቃው ልብሱ ላይ ሲረጭ ነው የደነገጠው። «አንተ! ዓይን የለህም?» ብሎ ሹፌሩ ጮኸበት። ጆሮዬን ብርድ መቶኛል ብሎ አንገቱን በፎጣ ጠቀለለ። ከንፈሩም ደንዝዞ ነበር፤ ምላሱን ሲያስነካው የነሐስ ጣዕም አለው።

ነገሩን ቁልጭ አድርገው ያሳዩት ቁልፎቹ ናቸው። ከመስኮቱ ሆኖ እትዬ አልጋነሽ ከቤታቸው ወደ ግቢው በር ሲሄዱ ያያቸዋል፤ ቁልፎቹ ለእሱ በሚታየው የወገባቸው ጎን ላይ ይንቀጫቀጫሉ። በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ። ሰው ሲመለስ ይዞራል፤ ትከሻው ይቀድማል፣ እግሩ ይከተላል። እሳቸው አልዞሩም፤ ወደዚያ ይሄዱ የነበሩት ሴትዮ ወደዚህ የሚመጡ ሆኑ፤ አለቀ። ቁልፎቹም አሁንም እሱ በሚያየው ወገባቸው ላይ ነበሩ። ጌም ውስጥ ሰውን ለመመለስ አዲስ ሥዕል አይሣልም፤ ያው ምስል ይገለበጣል። ይህን የሚያስገለብጠውን የኮድ መስመር ምናሴ የጻፈው በገዛ እጁ ነው።

ወረደ። ዝናቡ መጣል ጀምሯል፤ ሰማዩ ከሐይቁ ጋር አንድ ሆኖ ግቢው ጨልሟል። እትዬ አልጋነሽ ከጣራው ጠርዝ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በፊታቸው አለፈ፤ አንድ ዓይን። በጀርባቸው ዞረ፤ ያው አንድ ዓይን፣ ያው ጉንጭ፣ ያው በጆሯቸው ላይ የወደቀ ሽበት። እንደ እብድ ሦስቴ አራቴ ዞራቸው፤ ዝም ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራሉ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ከአፍንጫቸው ማዶ አየ። ፊታቸው የሚያልቅበትን ጠርዝ አየ። ከጠርዙ ወዲያ ዝናቡ ብቻ ይዘንባል።

ወደ ክፍሉ ሮጦ ላፕቶፑን ከፈተ። የጥንቱን ሥዕሎች ፈለጋቸው። የሉም፤ ተተክተዋል። የትም አላስቀራቸውም። ስካን ያደረገባቸው ወረቀቶች ብቻ ናቸው ተስፋው፤ እነሱም ውዳላት ጋ ናቸው። ማንም ያልሣላት፣ ምንም ያልተተካባት ውዳላት! እስካሁን ወደ ደጇ አለመሄዱ አንገበገበው። እናቱን አጥባ የገነዘችለትን ሴት፣ ለአንድ ጌም ብሎ። ጫማውን ሳያስር ወጣ።

መንገዱ ላይ ሲደርስ ጥሩምባ ተነፋ። እጅግ ቅርብ ነበር፤ ዞር ብሎ ቢያይ የሚነፋ ሰው የለም። የመጀመሪያው በር ተከፈተና የጎሚስታው ሰውዬ ወጥቶ ደፉ ላይ በጎኑ ቆመ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አላውቅም» አለ ምናሴና አለፈ።

ጥሩምባው አብሮት ሄደ። ባለፈበት ደጃፍ ሁሉ በር ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል፣ በጎኑ ይቆማል። ጡረተኛው፣ ውሃ ቀጂዋ፣ ጋሼ ውባንተ ሚዛናቸውን እንደያዙ። «ማን ሞተ?» «ማን ሞተ?» ድምፃቸው የተለያየ፣ አጠያየቃቸው ግን አንድ። ምናሴ ለሁሉም አላውቅም፣ አላውቅም እያለ፣ እያለቀሰ፣ በአጥሩ ጥግ በቀጥታ መስመር ሄደ። አፉ ውስጥ ያለው የነሐስ ጣዕም ጥርሱን አጠረሰው።

የውዳላት በር ክፍት ነበር። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቀለም ትበጠብጣለች፤ ቤቱ እንቁላልና ሙጫ ይሸታል፣ የልጅነቱ ሽታ። የእግሩን ኮቴ ሰምታ ቀና አለች። ሙሉ ፊት። ሁለት ዓይን።

«እሰይ፣ አንቺ እንኳ አለሽ» አላት። «ይቅር በይኝ ውዳሌ። ወረቀቶቹን ስጪኝ፣ እንደነበሩ እመልሳቸዋለሁ።»

ታየዋለች፤ ቀለሙ ከእጇ ወደ ቀሚሷ ሲፈስ አላወቀችም።

«ውዳሌ፣ ወረቀቶቹ!»

«አጠብኋቸው» አለች በቀስታ። «አልፈልግም አላልህም? ወስጄ ሐይቁ ውስጥ አጠብኋቸው። አልቅሼ ነው ያጠብኋቸው።»

ዝናቡ ጣራውን መታው።

«አንዱን ብቻ አስቀረሁት» አለች። «እጄ እምቢ አለኝ።»

«የማንን?»

«የጥሩምባ ነፊውን። የገብረ ኪዳንን።»

«ገብረ ኪዳን የትኛው ነው? በእድራችን ጥሩምባ የሚነፉት ሽማግሌ ናቸው?»

ውዳላት ተነሣች፤ በአጠገቡ አልፋ በሌላው ጎኑ ወዳለው ሣጥን ሄደች፤ ወዲያው ከዓይኑ ጠፋች፤ የሚሰማው ድምፅዋ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሩቅ እንደሚመጣ ቀጥኗል።

«እናትህ ናት የነገረችኝ» አለች። «ያስታመምኋት ጊዜ። ልጄ ስሙን ረስቶታል፣ አንቺ ያዥለት አለችኝ። ጥሩምባ ነፊውን ስሥል ታዲያ ማንን ላስብ? አንተን ነው የሣልሁት።» ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ዙርና እየው፣ ምናሴ። በሁለት ዓይንህ ነው የሣልሁህ። ዙር፣ እባክህ፣ በናትህ!»

ዞረ። ትከሻው አልቀደመም፣ እግሩም አልተከተለ፤ ወደ ቤቱ ገብቶ የቆመው ሰው ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሆነ፤ አለቀ። ከፊቱ ጭቃው መንገድ፣ ሁለቱ አጥሮች፣ ዝናቡ። ውዳላት ከኋላው ስሙን እየጠራች ትጮኻለች፤ የምትጠራው የቱን ስሙን እንደሆነ ግን አይለይም። እግሩ መራመድ ጀመረ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ።

የመጀመሪያው በር ተከፍቶ «ማን ሞተ?» ሲሉት፣ ገብረ ኪዳን መልሱን ያውቀው ነበር።